ከመጋረጃው ጀርባ የቀረ ጠመኔ

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የዓይን ክሊኒኩ ኮሪደር ረጅም ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮበታል፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ግማሹ አንድ ዓይኑን ሸፍኗል፣ ግማሹ ሁለቱንም ጨፍኗል። የሽማግሌው ካፖርት መካከለኛ ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠልጥላ በተነፈሱ ቁጥር ትወዛወዛለች።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት አገጯን ወደ ላይ አንስታ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ የተንጠለጠለችውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ አየቻት። ከዚያ ከኮሌታዋ ሥር ክር ያለበት መርፌ መዘዘች። ጨርቁን በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ያዘች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ አሳለፈች፤ ክሩን ቁልፏ ሥር ጠመጠመች፤ በጥርሷ በጠሰች። ሽማግሌው አልነቁም። መርፌዋን ወደ ኮሌታዋ መለሰችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች።

ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ይህን ሁሉ አየች። እናቷን ለዓይን ግፊት ክትትል ይዛ በየሦስት ወሩ ወደዚህ የምትመጣ ሴት ናት፤ ይህንንም የምትጽፈው እሷ ናት። ያስገረማት የተሰፋው ቁልፍ ብቻ አልነበረም። ሴትዮዋ ስትሰፋ እጇን አላየችም። የሁለቱም ዓይኖቿ ቆብ ወርዶ ብሌኗን ሸፍኖት ነበር፤ የሱቅ መዝጊያ ወርዶ መሬት ሊነካ ጥቂት እንደቀረው።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለቻት።

«ለቁልፍ?» አለች ሴትዮዋ። «ቁልፍ ተንጠልጥሎ ሳይ እጄን ይበላኛል። በሽታ ነው እንጂ ደግነት አይደለም።»

«ዓይንሽን ነው የምትታከሚው?»

«ቆቡን። ሊያነሡልኝ ነው።»

«እንግዲህ ፈጣሪ ሲፈቅድ ደስ ይልሻል። የቤተሰብሽን ፊት አጥርተሽ ታያለሽ።»

«እነሱማ ይደርሳሉ፤ የትም አይሄዱብኝም» አለች ሴትዮዋ፣ ዳቦ ልገዛ ነው እንደሚል ሰው ረጋ ብላ። «መጀመሪያ ላየው የምፈልግ ሰው አለ። ጠላቴ ነው።»

የጸሐፊዋ እናት ጆሯቸው ደህና ነውና ይህን ሰምተው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ልጄ እኮ የሰው ታሪክ ትጽፋለች» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ሴትዮዋም አገጯን አንስታ ጸሐፊዋን ከጫማዋ ጀምራ ለካቻት፤ ተራዋ እስኪደርስም ነገሩን ከሥሩ ጀምራ አወራችላት።

*

በምትሠራበት ስፌት ቤት ስሟ «እንቅልፌ» ነው። ያወጣላት ዋና ቆራጩ ነበር።

ወደ ስፌት ቤቱ የገባችው ቁልፍ ልትሰፋ ነው። በገባች በአራተኛው ዓመት ወደ መቁረጫው ክፍል አለፈች። እዚያ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ አለ፤ አንዱ መስኮቱ ሥር፣ ሌላው መሐል ላይ፣ ከትልቁ መብራት ሥር። መስኮቱ ሥር ያለው የሷ ሆነ፤ መሐል ያለው የዋና ቆራጩ ነው። ረጅም፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይለየው፣ ሰደርያውን ቆልፎ የሚሠራ ሰው ነበር። «የኔ ዓይን ሜትር ነው» ይላል። እውነትም ነበር፤ አንድ ትከሻ በሩቅ አይቶ ልኩን ሲናገር ግማሽ ጣት አይሳሳትም።

የሷ ዓይን ደግሞ ከሠላሳ ዓመቷ በኋላ መጨለም ሳይሆን መዘጋት ጀመረ። የእናቷም እንደዚያው ነበር፤ ስለዚህ የዘር ነው ብላ ተወችው። በየዓመቱ ቆቡ ትንሽ ትንሽ ወረደ። ቅንድቧን ወደ ላይ እየጎተተች ስለምትውል ማታ ግንባሯ ሸክም እንደዋለበት ያማታል። ሰውን በጫማው ታውቃለች። የአውቶቡሱን ቁጥር ለማንበብ አንገቷን ስለምትቀለብስ የማያውቋት «እንዴት ያለች ኩሩ ናት» ይሏታል፤ የሚያውቋት ደግሞ ትተኛለች ይላሉ። አንድ ቀን ጠዋት ዋና ቆራጩ መቀሱን አስቀምጦ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣

«ይቺ ሴት ወይ ትኮራለች ወይ ትተኛለች። አንቺ፣ አንዱን ምረጪና እኛም እንወቀው» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ሆነች። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ሥራ ስትጀምር ግን ከሰው ዞር ብላ ሁለት ቀጭን የቁስል ፕላስተር ትቆርጥና ቆቧን ወደ ላይ ስባ ከቅንድቧ ጋር ታጣብቀዋለች። በላብ ሲለቅ ደግማ ታጣብቃለች። ያልለቀቃት እጇ ብቻ ነበር። ጥጥ ይሁን ሱፍ፣ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚሳሳ መዳፏ ይነግራታል።

መጋረጃው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ለአንድ ትልቅ የትርኢት አዳራሽ የሚሰቀል፣ ወይን ጠጅ ከፋይ ጨርቅ፣ ጎን ለጎን የሚሰፋ አሥራ ሁለት ክንፍ። ከፋይ የቆረጠ ሰው ያውቀዋል፤ ከፋይ ጸጉር አለው፣ ጸጉሩም ወደ አንድ ወገን ይተኛል። በተኛበት ሲዳስሱት እንደ ድመት ጀርባ ይለሰልሳል፤ በተቃራኒው ሲዳስሱት መዳፍ ይከለክላል። አንዱ ክንፍ ጸጉሩ ወደ ታች፣ ጎረቤቱ ወደ ላይ ሆኖ ከተሰፋ፣ ጨርቁ ያው አንድ ጨርቅ ሆኖ ሳለ በመብራት ፊት አንዱ ጥቁር ሌላው የደበዘዘ ይመስላል። ስለዚህ የስፌት ቤቱ ደንብ ነበር፤ ቆራጭ እያንዳንዱን ክንፍ ከመቁረጡ በፊት ጀርባው ላይ የጸጉሩን አቅጣጫ በጠመኔ ቀስት ያሰምራል፤ ከቀስቱ ሥር ደግሞ የራሱን ምልክት ያኖራል። የዋና ቆራጩ ሁለት ሰረዝ ነው። የሷ አንድ ነጥብ።

ስድስቱን እሱ፣ ስድስቱን እሷ ቆረጡ። በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ። ዋና ቆራጩ ሥራ የሚያቆም ሰው አልነበረምና ጨርቁን ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ አዛውሮ ቀጠለ። ከፋይ ግን በብርሃን ይዋሻል። ከራስ በላይ የሚበራ መብራት የለመደ ዓይን ከጎን በሚመጣ የመስኮት ብርሃን ሲያየው ወደ ታች የተኛውን ወደ ላይ አድርጎ ያነበዋል። መዳፍ ቢያሳርፉበት በአንድ ጊዜ ይታወቃል። እሱ ግን ዓይኑ ሜትር ነው፤ አይዳስስም።

ክንፎቹ ገበር ተሰፋላቸው፤ ቀስቱም ምልክቱም ከገበሩ ሥር ተቀበረ። መጋረጃው በተሰቀለበት ቀን የአዳራሹ መብራት ሲበራ አራት ክንፎች ፀሐይ የበላቸው መስለው ታዩ። ከእንግዶቹ አንዱ «ጨርቁ አልበቃቸውም መሰል» አለ፤ ሰው ሳቀ። የስፌት ቤቱን ባለድርጅት እዚያው ላብ አጠመቀው።

በማግሥቱ ሁሉንም ሰብስቦ ማን ነው አለ። ዋና ቆራጩ አላቅማማም።

«ጌታዬ፣ የማታይ ሴት መቀስ ከሰጠናት ጥፋቱ የኛ ነው» አለ፣ ያዘነ መስሎ።

«ገበሩ ይተርተርና ምልክቱ ይታይ» አለች እሷ።

«ለአንድ ጠመኔ ብዬ ያለቀ መጋረጃ ላፈርስ?» አለ ባለድርጅቱ።

አራቱ ክንፎች ወደ ዳር ወደ ዳሩ ተዛውረው ተሰቀሉ። እሷም ወደ ዳር ተዛወረች፤ ክር መልቀሚያና ካውያ ወዳለበት የማጠናቀቂያ ክፍል። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ቆየች። በየቀኑ ለምሳ ስታልፍ የድሮ ጠረጴዛዋን ታያለች፤ እግሩን ማለት ነው፣ ላዩ አይታያትም። ዋና ቆራጩም ባለፈች ቁጥር «እንቅልፌ፣ ደህና አደርሽ? ወይስ አላደርሽም ገና?» ይላታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለውን እሷ አልተናገረችውም፤ ኖረችው።

*

ከሦስት ዓመት በፊት ሠራተኞችን ልትመረምር የመጣች ነርስ አገጯን ይዛ አይታት «እትዬ፣ ይኼ እኮ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይሠራል» ብላት ነበር። «ለማን ብዬ?» አለች። ለምዳዋለች። ጫማ ያለው ሰው ሁሉ ወዳጇ ነው።

ሐሳቧን የቀየረው አንድ ወሬ ነው። አዳራሹ አዲስ መጋረጃ ሊያሠራ ነው፤ አሮጌው ወደ ስፌት ቤቱ ይመለሳል፣ ተተርትሮ ለወንበር መሸፈኛ ይቆረጣል። መተርተር የማጠናቀቂያ ክፍል ሥራ ነው። የማጠናቀቂያ ክፍል ደግሞ እሷ ናት። በዚያው ሳምንት ሌላም ተሰማ፤ ዋና ቆራጩ ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ ይወጣል፣ ሽኝት ይዘጋጅለታል።

ያን ቀን ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ነገር የማይወድ፣ መንገድ ላይ ሰው ቢሰድበው ጥሩምባ እንኳ የማይነፋ።

«ልታከም ነው» አለችው።

«ተመስገን። ስንት ዓመት ለመንኩሽ። ምን ተገኘ?»

ነገረችው። ሰውየው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አንቺ ሴት፣ ሰው ዓይኑን የሚያስከፍተው ሊያይ ነው። አንቺ ልትናከሺ?»

«ሁለቱም ይሆናል።»

«አንዷ የሥራ ጓደኛሽ አይታ ትንገርሽ። ሁለት ሰረዝ ነው ወይስ ነጥብ፣ አለቀ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያየሁትንም ያላየሁትንም ሌላ ሰው ነው የነገረኝ። ይህንን ሰው አያይልኝም። ደግሞስ፣ ይዤ ስቀርብ ‹ለዕውሯ ማን አነበበላት› አይሉም?»

ባሏ ራሱን ነቀነቀ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለ ወደ ግድግዳው።

«እጸልያለሁም» አለችው። እውነቷን ነው። በየማለዳው «ጌታዬ፣ ዓይኔን ክፈትልኝ፤ ለምን እንደሆነ አንተው ታውቃለህ» ትላለች። ፈጣሪ ለምን እንደሆነ እያወቀ ሰማት። ይህን የምትጽፈው ሴት ይህን ብዙ አስባበታለች፤ የሚሰጠን እንደ ልባችን ንጽሕና ቢሆን ኖሮ ከመካከላችን የሚያይ ማን ይገኝ ነበር?

ክሊኒኩ ውስጥ መጀመሪያ የዕይታዋን ስፋት ለኩ። እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነጭ ዕቃ ፊት አስቀመጧት፤ ትንንሽ መብራት እዚህም እዚያም ብልጭ ይላል፤ ባየች ቁጥር በእጇ የያዘችውን ቁልፍ ትጫናለች። አንዴ እንዲሁ፣ አንዴ ቆቧን በፕላስተር ስበው። ውጤቱ ሲወጣ የመጀመሪያው ወረቀት ላይኛው ግማሽ ጥቁር ነበር።

ዶክተሯ ጣቷን ቅንድቧ ላይ አሳርፋ አየቻት። «ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ ደህና ነው። ጫፉ ግን ላልቷል፣ ከቆቡ ለቋል። ስለዚህ ቢጎትትም አይነሳም።»

«ላስቲኩ ላላ ማለት ነው።»

«በትክክል።»

«አሳጥረሽ ትሰፊዋለሽ።»

«አዎ፣ እናቴ።»

«በድርብ ክር ነው በነጠላ?»

ዶክተሯ ሳቀች። የአርባ ደቂቃ ያህል ሥራ ነው፣ ቆቡ ብቻ በመርፌ ደንዝዞ፣ እሷ ነቅታ። መንቃቷ ግድ ነው፤ መሐል ላይ ዓይኗን ከፍታ እንድታሳይ ይጠይቋታል፣ ሁለቱ እኩል መሆናቸው የሚታወቀው ያኔ ነው።

እንደተባለውም ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ተጋድማ የመቀሱን ድምፅ ሰማች፤ ስለት ያለው መቀስ ነው፣ ደስ አላት። ቀና አድርገው አስቀመጧት። «ክፈቺ» አለች ዶክተሯ። ከፈተች። ዶክተሯ መስተዋት ሰጠቻት።

«ግራው ዝቅ ብሏል» አለች እንቅልፌ።

«አይመስለኝም።»

«የሩዝ ፍሬ ግማሽ ያህል። እዚህ፣ ወደ አፍንጫው በኩል። እዚያ ላይ አንድ ስፌት ፍቺና ወደ ውስጥ አስገቢው።»

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ ለካች። ስፌቱን ፈታች።

*

ሳምንት ሙሉ ፊቷ ተደብድቦ የመጣ ሰው ይመስል ነበር። ባሏ ቀዝቃዛ ጨርቅ እየነከረ ያኖርላታል፤ ጎረቤት ሲመጣ «እኔ አይደለሁም» ይላል ገና በሩ ላይ። ስፌቱ ሲወጣ እብጠቱም ወረደ፤ ዓለም ላይዋን መልሳ አገኘች። የበሩን ጉበን አየች። የቁም ሳጥኑን አናት አየች፤ አቧራውን አይታ ደነገጠች። ባሏ መላጣ እየሆነ ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» አለችው። «ስድስት ዓመቱ» አላት፤ እሷ ግን ሁልጊዜ የምታየው ጫማውንና ፈገግታውን ብቻ ነበር። ጥቂት አለቀሰች፤ ዶክተሯ እንባ ጥሩ ነው ብላታለች።

ከዚያ መጋረጃው መጣ።

በእጅ ጋሪ አምጥተው የማጠናቀቂያው ክፍል ወለል ላይ ዘረገፉት። አሥራ ሁለቱም ክንፎች አቧራ ጠግበው። የዳር የዳሮቹን አራቱን በመዳፏ ለይታ ለብቻ አስቀመጠቻቸው። ሽኝቱ ዓርብ ከሰዓት ነው። እለቱ ሐሙስ ነው።

ምላጯን አነሳች። የመጀመሪያውን ገበር ተረተረች። ጨርቁን ገለጠችው። ነጩ ጠመኔ ትናንት የተሰመረ ይመስላል። ቀስቱ ወደ ላይ። ከሥሩ ሁለት ሰረዝ።

ቁጭ ብላ አየችው። አጠገቧ ካውያ የምትተኩሰው ሴት «ምን አገኘሽ?» ብትላት «ዘመድ» አለቻት።

ሁለተኛው፣ ሁለት ሰረዝ። ሦስተኛው፣ ሁለት ሰረዝ፤ እንዲያውም ጠመኔው ተጭኖ፣ በኩራት የተሰመረ። ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት፤ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

አራተኛውን ለዓርብ አቆየችው፤ ጥሩ ነገር ሁሉ በአንድ ቀን አይበላም። ዓርብ ከምሳ በኋላ ሰው ወደ መቁረጫው ክፍል ሲሰበሰብ ምላጯን አንስታ ገበሩን ተረተረች፣ ገለጠች።

ቀስቱ ወደ ላይ ነው። ከሥሩ ነጥብ ነው።

መጀመሪያ ዓይኗን ጠረጠረች፤ አዲስ ነውና። ጣቷን አስነካችው። ነጥብ ነው። የገዛ እጇ ነጥብ። ያኔ ነው የዚያ ቀን ከቀትር በኋላ ሙሉ ሆኖ የመጣላት፤ መብራቱ ጠፍቷል፣ ሰው ይቻኮላል፣ እሷ ስድስተኛ ክንፏን ዘርግታ መዳፏን ልታሳርፍ ስትል ዋና ቆራጩ ከመስኮቱ በኩል «ተይው፣ አይቼዋለሁ፣ እንደተዘረጋው ቁረጪው» አላት። ቀስቱን ሳትዳስስ አሰመረች። የራሷን እጅ ትታ የሰው ዓይን አመነች።

አሥራ አንድ ዓመት ይህን ረስታዋለች። ወይም እንድትረሳው ፈልጋለች።

ከመቁረጫው ክፍል ጭብጨባ ተሰማ። አራተኛውን ክንፍ ጠቅልላ ከጠረጴዛዋ ሥር ገፋችው። ሦስቱን አቅፋ ሄደች።

ባለድርጅቱ ንግግር ላይ ነበር። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ» ይላል፣ «አንዲት ጨርቅ ያላበላሸ እጅ!» የጎደላት ይህች ቃል ብቻ ነበረች። ሰው መሐል አልፋ ሦስቱን ክንፎች በዋና ቆራጩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከተሸለመው የግድግዳ ሰዓት አጠገብ፣ ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጋ ዘረጋቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔም ስጦታ ይዤ መጥቻለሁ» አለች።

ሰው ሳቀ። ዋና ቆራጩም ፈገግ አለ። «እንቅልፌ፣ ነቃሽ እንዴ?»

«ነቃሁ። የአዳራሹ መጋረጃ ነው፣ ያ የተገለበጠው። ጠመኔውን ያንብቡልኝ። እኔ ስለማላይ ተሳስቼ እንዳይሆን።»

ሳቁ እንደ ውሃ ሰረገ። ሰውየው መነጽሩን ከሰደርያው ኪስ አውጥቶ አደረገ፤ መነጽር ማድረጉን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። አየ። ከዚያ ማንም ሲያደርግ አይቶት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ የጨርቁን ጫፍ ገልብጦ ከፋዩን በመዳፉ ዳሰሰው። በአንዱ በኩል፣ በሌላው በኩል። የካውያዋ ሴት «ሁለት ሰረዝ» አለች በሹክሹክታ፤ ሁሉም ሰማ።

«የኔ ነው» አለ ሰውየው።

ባለድርጅቱ ወለሉን አየ። ከዚያ እንደቸኮለ ሰው ሰዓት ሊያይ ወደ ስጦታው ዞረ። አዲሱ የግድግዳ ሰዓት ገና ባትሪ አልገባበትም።

«አራት ነበሩ» አለ ዋና ቆራጩ፣ ቀስ ብሎ። «አራተኛውስ?»

«ገና አልተተረተረም» አለች።

ቀና ብሎ አያት። ድሮ ቢሆን ቆቧ ይሸፍናት ነበር፤ ሰው ፊቷን ሲያይ ከእንቅልፍ በቀር የሚያነበው የለም። አሁን ሁለቱም ዓይኖቿ ቦግ ብለው ተከፍተዋል፣ እኩል፣ የሩዝ ፍሬ ግማሽ እንኳ ሳይበላለጡ። ዞር ልትል ፈለገች፤ አሥራ አንድ ዓመት ለዚህች ደቂቃ ጠብቃ ዞር አትልም። አየችው። ዓይን ያወጣ ውሸቷን እንደያዘች አየችው።

«ሐኪምሽ ደህና ሠርታለች» አለ ሰውየው። እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። ሰዓቱን አልወሰደም።

ሰኞ ጠዋት ባለድርጅቱ መሐል ያለውን ጠረጴዛ ለሷ ሰጣት። ይቅርታ አላለም፤ መብራቱን አስጠርጎ አምፖሉን አስቀይሮ ጠበቃት። እንቅልፌ የሚላትም ጠፋ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

*

ይህን የምትጽፈው ሴት እናቷን ይዛ ወደ ክሊኒኩ ስትመለስ ወራት አልፈዋል። በኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ሴት ቀጥ ብላ ተቀምጣ የግድግዳውን ማስታወቂያ ሁሉ ስታነብ አገኘቻት። ያወቀቻት በኮሌታዋ መርፌ ነው። የመጨረሻ ክትትሏ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ያለው ሁሉ ያኔ ነው የተነገረው፤ ከጠረጴዛ ሥር እስከ ተገፋው ክንፍ ድረስ፣ ለባሏ እንኳ ሳትነግረው የቆየችውን።

«አልቆጨሽም?» አለቻት ጸሐፊዋ።

«በሦስቱ? በፍጹም። ዛሬም ሳስበው ይጣፍጠኛል፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና። ያ አንዱ ነው ጉሮሮዬ ላይ የቀረው።» ዓይኗን ጨፈነችና ከፈተች፤ አሁን በደንብ ይገጥማል። «ቆቤ መዝጋት ተምሯል፣ እኔ ነኝ ያልተኛሁት። እንቅልፌ እንቅልፍ አጣች ብለሽ ሳቂ።»

«ጨርቁስ የት ደረሰ?»

«ገበሩን መልሼ ሰፋሁት። ቤቴ ነው፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ። አሁን ስለሚታየኝ በየቀኑ አየዋለሁ።»

«ሄደሽ ብትነግሪውስ? ቤቱን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ግን በእግሬ ከሄድኩ ይቅርታ ልጠይቀው የመጣሁ ይመስለዋል።»

ነርሷ ቁጥሯን ጠራች። ተነሳች፤ ግን አልሄደችም። ጎንበስ ብላ የጸሐፊዋን ክንድ ያዘች።

«እህቴ፣ እስቲ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እናትሽ ትጽፋለች ብለውኛል። ይህንን ጻፊልኝ። ሦስቱን አስቀድሚ፤ የሱ መሆናቸው ለሰው ሁሉ በደንብ ይግባ። ከዚያ ከታች አራተኛውን ጨምሪ፣ እሱ የኔ ነበር በይ፣ ግን አታሳምሪው። ደግሞ በትልልቅ ፊደል አሳትሚልኝ። የሱም ዓይን ደክሟል ይላሉ፤ አላየሁትም እንዳይል።»